የአቶ ኪሩቤል እሺታ

ማለዳ የተባለው ሲስተም በእነ ኤልዳና ቤት የተጫነው የካቲት 9 ቀን 2086 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። መዝገቡ እንደሚለው ኮምፒውተሩ የቤቱን አባወራ አቶ ኪሩቤልን ሦስት ጊዜ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ሦስቱንም ጊዜ በገዛ ድምፃቸው ተስማምተዋል።

ኤልዳና በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረችም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው ጉልት ቲማቲም ልትገዛ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ባሏ ኪሩቤል እንደ ወትሮው ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። የጨዋታው መሪ ጉልበቱ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን መንገድ የለም፤ አንዲት ቆንጆ ሴት ስለ ፍራሽ ታወራለች። ኪሩቤል ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር ሴትየዋ ቃሏን በግማሽ ቆርጣ፣ ፈገግ እንዳለች ትጠብቀዋለች። መልሶ ሲያያት ካቆመችበት ትቀጥላለች።

«ኪሩ፣ ምን ሆነ? መንገዱስ?» አለችው።

ኪሩቤል በግራ እጁ መሪውን መታው። «እሺ» አለ። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ!»

ያኔ ገባት። የቲማቲሙን ፌስታል መሬት ላይ አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

ኪሩቤል ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከጅቡቲ ሞጆ ተሳቢ ነድቷል። መኪኖቹ ያለ ሾፌር መሄድ ሲጀምሩ ከመጨረሻዎቹ ሾፌሮች ጋር ቁልፉን አስረክቦ አዳማ ቤቱ ገባ። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አሰረው፤ ንግግሩንም ወሰደው። ጭንቅላቱ ደህና ነው። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል፣ በቀልድ ይስቃል፣ ካርታ ሲጫወቱ ኤልዳናን ያሸንፋታል። ከአፉ የሚወጣው ቃል ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሺ። ሲርበው እሺ ነው። ሲናደድ እሺ ነው። እምቢ ሊል ሲፈልግም የሚወጣው እሺ ነው። ሐኪሟ «ሌሎቹ ቃላት አልጠፉም፤ የሚወጡበት በር ነው የተዘጋው» ብላ ነበር ያስረዳችው። ኤልዳና እሺዎቹን ለመለየት ግማሽ ዓመት ፈጀባት። አጭር ሆኖ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ «አዎ» ማለቱ ነው። ረዘም ብሎ መጨረሻው ወደ ላይ ከወጣ «አይሆንም» ነው። ከተደጋገመ ደግሞ «ተዉኝ» ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን አላጠናም።

ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። የቤታቸው ኮምፒውተር ለጨዋታና ለፊልም የተገዛ አሮጌ ማሽን ነው፤ በጊዜ ብዛት ግን እንደ ሰው ሁሉ ቤት በሩም፣ ስልኩም፣ መብራቱም ከእሱ ጋር ተያይዟል። የሚሠራበት ሲስተም መጋቢት መጨረሻ ላይ አገልግሎቱ እንደሚቋረጥ፣ እያንዳንዱ ቤትም ከሦስት አዳዲስ ሲስተሞች አንዱን መርጦ እንዲጭን የሚያሳስብ መልእክት ሲመጣ ከርሟል። ኤልዳና እያየች ታልፈው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የቤቱን ሁሉ ነገር ስትመርጥ ኖራ መምረጥ አስጠልቷታል።

ማለዳ አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ነው። በየሃያ ደቂቃው የተያዘውን ነገር አስቁሞ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ዐይን እስኪያርፍበትም ይጠብቃል። የቆዩ ጨዋታዎችን አይቀበልም። አጥር የሚባለው ልጆች ያሏቸው ቤቶች የሚመርጡት ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ ጨዋና ዝምተኛ ነው። ሦስተኛው ክፍቱ ይባላል። ክፍቱ የማንም ኩባንያ አይደለም፤ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፊልም ቤቶቹ አያውቁትም። የጫኑት ሰዎች ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ የሚያወሩት ስለ ክፍቱ ስለሆነ ኤልዳና ስሙን ስትሰማ ቦታ ትቀይር ነበር።

ኪሩቤል የሚፈልገው መንገዱን ብቻ ነው። «መንገዱ» የሚሉት የጭነት መኪና ጨዋታ ነው፤ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ጀምሮት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከወደቡ ተነሥቶ በገላፊ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ አድርጎ ሞጆ የሚገባው የድሮው አስፋልት ነው፤ ከነጉድጓዱ፣ ከነጠመዝማዛው። የቀድሞ ባልደረቦቹም አሥራ አራቱ እዚያው ይነዳሉ። ጠዋት ጠዋት ሚሌ ላይ ይገናኛሉ። ማውራት አያስፈልግም፤ በክላክስ ይጠራራሉ፣ ሁሉም የየራሱ አነፋፍ አለው። ኪሩቤል ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከጓደኞቹ እኩል ሆኖ የሚውለው እዚያ ነበር።

ማለዳ ጨዋታውን አላወቀውም። ወደ መጋዘኑ ወስዶ «በአሥር ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካልቀረበ ይሰረዛል» የሚል ማስታወሻ ለጠፈበት።

ኤልዳና ያን ቀን ወደ ሲስተሞቹ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ስትደውል ዋለች። በሌላኛው ጫፍ የሚያነጋግራት ድምፅ ትሁት ነው፤ ሰው ግን አይደለም።

«የሲስተሙ ተጠቃሚ እርስዎ ነዎት?»

«ሚስቱ ነኝ። እሱ መናገር አይችልም፤ ታሟል።»

«ተጠቃሚውን ያቅርቡልኝ።»

«አይናገርም እኮ እያልኩህ ነው!»

«ተጠቃሚውን ያቅርቡልኝ።»

ስልኩን ወደ ኪሩቤል አፍ አስጠጋችው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ኪሩቤል። በማለዳ እንደተደሰቱ ልመዝግብ?»

«እሺ» አለ ኪሩቤል፤ መጨረሻው ወደ ላይ ወጣ።

«እናመሰግናለን» አለ ድምፁ፤ ስልኩም ተዘጋ።

በሁለተኛው ጥሪ ኪሩቤል ለወዳጆቹ ማለዳን እንዲያስተዋውቅ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ኤልዳና ስልኩን ለኪሩቤል መስጠት አቆመች። በሦስተኛው ቀን በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ቀጠሮ አገኘች፤ ቀጠሮው በሰባተኛው ቀን ነው።

እስከዚያ ድረስ ኪሩቤል ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ መሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ፍራሽ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቀብር ድንኳን ኪራይ ይታያል። ፊቱን ሲያዞር ሁሉም ይጠብቁታል። ቀን ሲመሽ ስክሪኑ ላይ «ዛሬ ትኩረትዎ ዝቅተኛ ነበር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ኤልዳና አንድ ቀን ስክሪኑን በነጠላ ሸፈነችው። ማለዳ ነጠላው ሥር ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኪሩቤልን መጥራት ጀመረ።

በሰባተኛው ቀን የአገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማርኮን የሚባል ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሠራተኛ ተቀበላቸው። ለኪሩቤል ራሱ ወንበር አቀረበለት። ፋይሉን አነበበ፤ ሦስቱን እሺዎችም አሰማቸው። ከመሣሪያው ሲወጡ የኪሩቤል እሺዎች በእውነትም ስምምነት ይመስሉ ነበር።

«እናቴ፣ ችግሩ ገብቶኛል» አለ ማርኮን። «ማለዳን ለማንሣት ግን የተስማማው ሰው ራሱ በድምፁ አልፈልግም ማለት አለበት። ሌላ መንገድ አልተሰጠኝም። እንሞክር?»

ትንሽዬ ማይክሮፎን ወደ ኪሩቤል ገፋ አደረገ።

«አባቴ፣ ማለዳ እንዲነሣልዎ ከፈለጉ አልፈልግም ይበሉ።»

የኪሩቤል የአንገት ሥር ተገተረ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ኤልዳና ሳታስበው የራሷ አፍ አብሮ ሲንቀሳቀስ ተሰማት።

«እ…» አለ ኪሩቤል። «እ… እሺ።»

መሣሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

«ሰውየው አይሆንም እያለህ ነው!» ኤልዳና ጠረጴዛውን ያዘች። «ልጄ፣ እስቲ ፊቱን እየው!»

«እኔማ አያለሁ፣ እናቴ። ማሽኑ ፊት አያይም።»

«ለማስታወቂያው ሲሆን ያያል! ዐይኑን ትንሽ ዞር ሲያደርግ እንኳ ያውቃል!»

ማርኮን ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። «እሱ ሌላ ክፍል ነው» አለ።

 ከዚያ ማርኮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር እንዳለ ነገራት። ማለዳን ለማንሣት የኪሩቤል ቃል ቢያስፈልግም፣ ወደ አጥር ለመዛወር ግን የሚስት ፊርማ ብቻ ይበቃል። አጥር የቆዩ ጨዋታዎችን ይቀበላል። መንገዱ ከመጋዘን ወጥቶ ዛሬውኑ ይመለሳል።

«ታዲያ ይኼን እያወቅህ ለምን አስለፈለፍኸኝ?»

«አጥር ላይ በቤቱ ካሉት ሰዎች አንዱ ፈቃጅ፣ ሌላው ተፈቃጅ ሆኖ ነው የሚመዘገበው። እርስዎ ፈቃጅ ይሆናሉ።»

«ተፈቃጅ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያው… ፈቃድ የሚጠየቅለት ሰው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።»

«እሺ» አለ ኪሩቤል። ረጅም ነበር፤ መጨረሻው እስከ ጣሪያ ወጣ።

«ይኸው፣ እሳቸውም ተስማሙ» አለ ማርኮን።

ኤልዳና አላረመችውም። የቀሩት ሦስት ቀናት ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሊጠፋ ነው። ወደ ባሏ ሳትዞር አውራ ጣቷን የአሻራ መቀበያው መስታወት ላይ አሳረፈች።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተመለሰ። መኪናው፣ ስሙ፣ የሄደው ኪሎ ሜትር ሁሉ እንደነበረ ነው። ኪሩቤል ወዲያው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ፤ ኤልዳናም ወጥ እየሠራች የጎማውን ድምፅ ስትሰማ ጥሩ ሠራሁ አለች በልቧ። ስልኳ ጮኸ።

«ተፈቃጅ ኪሩቤል ገላፊን ሊያልፍ ነው። ይፈቅዳሉ?»

ሳቀች። ፈቀደች።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ሃያ ሰባት ጊዜ መጣ። ኪሩቤል ቻናል ሊቀይር፣ መብራት ሊያጠፋ፣ ለልጃቸው ሊደውል፣ በረንዳ ሊወጣ ሲል ስልኳ ይጠይቃታል። ሥጋ ቤት ተሰልፋ ትፈቅዳለች፣ ታክሲ ውስጥ ትፈቅዳለች። ኪሩቤል አርባ ደቂቃ ከነዳ በኋላ ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥንቸል ወጥታ እጁን እንዲታጠብ ትነግረዋለች፤ ታጥቦ ካልተመለሰ መንገዱ አይከፈትም። በሦስተኛው ቀን ሚሌ ሲደርስ ባልደረቦቹ የሉም። አጥር ያልታወቁ ሰዎች ብሎ አውጥቷቸዋል። ክላክሱን ነፋ፤ ቆመ፤ ደግሞ ነፋ። ሰፊው አስፋልት ላይ እሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ከሚሌ አላለፈም።

ኤልዳና ለማርኮን ደወለች። ያልታወቁ ሰዎችን ለማስገባት የእያንዳንዳቸው ፈቃጅ መፈረም እንዳለበት ነገራት። አሥራ አራቱም ፈቃጅ የላቸውም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

የካቲት 24 ቀን ኤልዳና ለዐይኗ ክሊኒክ ሄደች። ጠብታ ጨምረውባት ለሁለት ሰዓት ያህል ስልኳን ማየት አልቻለችም። ቤት ስትገባ ኪሩቤል ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ከበሩ በስተውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ረፋድ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ግቢው በር ይወርድ ነበር፤ ዛሬ በሩ ፈቃዷን ሲጠብቅ ነው የቆየው። ኪሩቤል ተነሥቶ በአጠገቧ አልፎ ኮቱን አወለቀና ተኛ።

ሁለት ቀን እሺ እንኳ አላለም። መንገዱንም አልከፈተም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እዚያ ቢሮ አይሆንም ስትል ሰምቼሃለሁ። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። እየሰማሁህ ነው የፈረምኩት።»

ኪሩቤል ጣሪያውን ያያል።

«መንገዱን ላስመልስልህ ብዬ ነው። ሌላ ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ! አንተ አትናገር፣ እነሱ አይሰሙ፣ እኔ መሀል ላይ ልሙት?» ድምፅዋ ከፍ እንዳለ ታወቃት። ከአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ የጮኸችበት ቀን ጥቂት ነው።

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ» አለ ኪሩቤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ተነሥታ ወጣች፤ በጫማዋ ፋንታ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤት አሮጌ ማሽኖች የምትጠግነው በፀሎት ሱቅ አላት። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ኤልዳና ቆማ ሁሉንም ነገረቻት።

«ፈቃጅ እርስዎ ስለሆኑ አጥርን ማንሣት ቀላል ነው» አለች በፀሎት። «የትኛውን ልጫን?»

«እንጃ! አንቺ ምረጪልኝ፤ እኔ እንደሆነ የነካሁት ሁሉ ይበላሻል።»

«እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ለሁሉም እሺ ነው የሚለው።»

«በአፋቸው ለምን ይጠየቃሉ፣ እትዬ ኤልዳና? ግራ እጃቸው ይሠራ የለም እንዴ?»

ኤልዳና ቀና ብላ ደረጃውን አየች። ከየካቲት 9 ጀምሮ ሁሉም፣ እሷም ጭምር፣ የሚጠብቁት የኪሩቤልን አፍ ነበር።

በፀሎት ወደ ቤታቸው ወጥታ ሦስት ፍላሾች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ እያንዳንዱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፋለች። ኪሩቤልን ከመኝታ ቤት አስጠርታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለችው። «ማለዳ ከሆነ መንገዱ የለም፣ ማስታወቂያ ብቻ ነው። አጥር ከሆነ መኪናዎ አለ፣ አሥራ አንድ ዓመትዎ አለ። ጓደኞችዎ ግን የሉም፤ በሩም እንዳዩት ነው። ክፍቱ ከሆነ መንገዱ አለ፣ ጓደኞችዎም አሉ፣ የእርስዎ መኪና ግን የለም። አጥር ቆልፎበታል፤ ከዚህ በፊት ለሌሎች ሰዎች ሞክሬ አልተከፈተልኝም። ስም ሳይኖርዎ እንደ አዲስ ሾፌር ከወደቡ ይጀምራሉ። የሚፈልጉትን በእጅዎ ያንሡ።»

ኪሩቤል መጀመሪያ ማለዳን አነሣና መሬት ላይ ወረወረው። ከዚያ አጥርን አነሣ።  ፍላሹን መዳፉ ውስጥ ይዞ ብዙ ቆየ፤ አውራ ጣቱ ፕላስተሩን ያሻሸዋል። በሩን አየ። ስክሪኑን አየ። አስቀመጠው፤ መልሶ አነሣው፤ በንዴት ጠረጴዛውን በጡጫው ደበደበ። በፀሎት ሰዓቷን አላየችም። ኤልዳና «ኪሩ…» ብላ ልትጀምር ስትል በፀሎት በዐይኗ ዝም አሰኘቻት። በመጨረሻ ኪሩቤል አጥርን ወደ በፀሎት ገፋ አደረገና መዳፉን ክፍቱ ላይ ከደነው። ዐይኑ እርጥብ ነበር።

ክፍቱን ለመጫን ሁለት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ቀን ድምፅ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ድምፅ መጣና መብራቱ ሁሉ አልጠፋ አለ። ኤልዳና የከሰዓት ድራማዋ በክፍቱ እንደማይከፈት ያወቀችው ያኔ ነው፤ ሦስት መቶ አርባኛው ክፍል ላይ ነበረች። ወጥ ቤት ገብታ ድስት በኃይል አጠበች። በፀሎት የበሩን ቁልፍ በድሮው ዓይነት ቀየረችላቸው፤ ኪሩቤል በግራ እጁ ማዞሩን እስኪለምድ ድረስ ብዙ ጊዜ ተሳደበ፣ በዚያችው በአንዷ ቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ የጅቡቲ ወደብ፣ ረጅም የመኪና ሰልፍ፣ ከሰልፉ መሀልም አንድ አቧራማ አሮጌ መኪና ታየ፤ በሩ ላይ «አዲስ ሾፌር» ተብሎ ተጽፎበታል። ኪሩቤል መሪውን ያዘ። ከዚያ ቆመ። በቀድሞው ሲስተም ነዳጁም ማርሹም መሪው ላይ ባሉ ቁልፎች በግራ እጁ ይታዘዙ ነበር። ክፍቱ የነዳጁን ቁልፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ማርሹ የሚቀየረው ከመሪው በስተቀኝ ባለው ዘንግ ብቻ ነው።

የሞተውን ቀኝ እጁን አየ፤ ከዚያ ወደ ኤልዳና ቀና አለ።

«እኔ? መኪና ነድቼ አላውቅም እኮ» አለች።

አገጩን ወደ ዘንጉ አመለከተ። ወንበር ስባ በቀኙ ተቀመጠች። ፍሪሲዮኑን በግራ እግሩ ረገጠና አገጩን አነሣ፤ እሷ ዘንጉን ገፋች፤ መኪናው አጓርቶ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ክላክስ ነፉ። ደግመው ሞከሩ፤ ጠፋ። «እሺ!» አለ ኪሩቤል፤ ቃሉ ስድብ ነበር። ወደ እሷ ተጠምዝዞ በግራ እጁ እጇን ከነዘንጉ ጨበጠና ወዴት እንደሚገፋ አሳያት። «አመመኝ እኮ! አንተ ምን አለበት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ነድተሃል!» ብላ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ውኃ ጠጥታ ተመለሰች። በሰባተኛው ሙከራ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ከወደቡ በርም ወጡ። ኪሩቤል አገጩን ከፍ ያደርጋል፤ ኤልዳና ትቀይራለች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ማርሽ ድረስ ሳይጣሉ ሄዱ። ፊት ለፊት የሚመጣ አንድ ተሳቢ ሲያልፋቸው ለአዲስ ሾፌር እንደሚደረገው አንዴ ብቻ ነፋላቸው። ኪሩቤል አንገቱን አዙሮ በመስታወቱ ተከተለው። የባልደረባው ይሁን የሌላ ሰው፣ ኤልዳና መለየት አልቻለችም፤ ልትጠይቀው ፈልጋ ተወችው።

አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ስክሪኑ ጠቆረ። ነጭ ፊደላት ከላይ ወደ ታች መፍሰስ ጀመሩ።

«ምን ነካው ደግሞ?» አለች ኤልዳና።

ኪሩቤል ግራ ትከሻውን ሰበቀ። እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ እንዳደረገ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ፊደላቱ አላለቁም። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ በፀሎት ሱቋን ዘግታ ምሳ ሄዳለች። ክፍቱ ተመልሶ እስኪነሣ ድረስ ኤልዳና እጇን ከማርሹ ላይ አላነሣችም።